መንጃ ፈቃዴን አገኘሁ፣ ኢንሹራንሱ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የማነበው፤ ይሄን መጻፌን ግን እሷም አታውቅም። 18 ዓመቴ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በቅርቡ ነው። አጎቴ አዲስ መኪና ሲገዛ አሮጌዋን ለእኔ ሰጠኝ። ትንሽ ናት፣ ቀለሟም ለቋል፣ ግን ትሄዳለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ኢንሹራንስ ስጠይቅ የነገሩኝን ዋጋ ማመን አቃተኝ። የዓመቱ አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ መኪናዋ ብትሸጥ ከምታወጣው ብዙም አያንስም። አባቴ ለራሱ መኪና የሚከፍለው የዚህን ሩብ እንኳ አይሞላም።

ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለች፤ ለትምህርቴ ብዬ የያዝኳት ናት። አባቴ «መፍትሔው ቀላል ነው፤ በእኔ ስም እናድርገውና አንቺን ተጨማሪ ሹፌር ብለን እናስገባሽ» አለኝ። ቅጹን ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። «መኪናውን በዋናነት የሚነዳው ማነው?» በሚለው ቦታ የራሱን ስም ጽፏል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው፣ ዓርብ ይገባል። ግን እሱ የራሱ መኪና አለው፤ ይቺን በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሥራ የምነዳት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ «ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ አታካብጂ፤ ካልሆነም ርካሹን የሦስተኛ ወገን ግቢና ተገላገዪ» ይለኛል። የምሠራበት ቦታ ደግሞ ማታ ማታ በመኪናሽ ዕቃ ብታደርሺ ተጨማሪ እንከፍልሻለን ብለውኛል፤ በዚያ አረቦኑን መሸፈን የምችል ይመስለኛል።

አባቴ ለእኔ አስቦ ነው። እምቢ ብለው ይከፋዋል። እሺ ብል ደግሞ ሆዴ አይረጋም። ምን ላድርግ?

ግራ የገባት አዲስ ሹፌር

መልስ፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ጭንቀቱ ደስታውን ጨርሶ የዋጠው መሰለኝና ይሄን ሳልልሽ ማለፍ አልፈለግኩም። መንጃ ፈቃድ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ መኪና የሚሰጥ አጎትም ከየትም አይገኝም።

ዓርብ ሩቅ ስላልሆነ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ያን ቅጽ እንዳለ አትፈርሙት። አንቺም፣ አባትሽም። ሆድሽ አልረጋም ያልሽው በደንብ ገብቶኛል፣ ትክክልም ነሽ። ግን ለምን ትክክል እንደሆንሽ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ለአባትሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ፤ «ደስ አላለኝም» ብቻ ብትይው «ምን አለበት ታዲያ» ብሎ ይመልስሻል።

«መኪናውን በዋናነት የሚነዳው ማነው» የሚለው ጥያቄ ዋጋውን ከሚወስኑት ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የአባትሽ ስም ሲገባ አረቦኑ የሚወርደው ኩባንያው መኪናዋን የሚነዳት ብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። ኢንሹራንስ ደግሞ መድን ገቢው፣ ማለትም ኢንሹራንሱን የሚገባው ሰው፣ እውነቱን ተናግሯል በሚል የቆመ ውል ነው። ገንዘቡን ሲቀበሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አያጣሩም። የሚያጣሩት አደጋ ደርሶ ካሳ የተጠየቀ ቀን ነው። ያን ቀን መኪናዋ ማታ የት እንደምታድር፣ ጠዋት ማን ይዟት እንደሚወጣ፣ ወዴት እየሄደች እንደነበር ይጠይቃሉ። ግጭቱ የደረሰው በትምህርት ቤትሽ በር ላይ ቢሆን፣ አባትሽም በዚያው ሰዓት የራሱን መኪና ይዞ ሥራ ላይ ቢሆን፣ ነገሩን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልጋቸውም።

ከዚያ የሚመጣው እንደየአገሩ ሕግና እንደየውሉ ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን ተመሳሳይ ነው። ውሉን ሊሰርዙት ይችላሉ። ካሳውን ሊከለክሉ ወይም ሊቀንሱ ይችላሉ። የተጎዳ ሌላ ሰው ካለ ለእሱ ይከፍሉና ገንዘቡን መልሰው ከእናንተ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይሄ የመጨረሻው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። የመኪናዋ ዋጋ የታወቀ ነው፣ ቢበዛ እሷን ነው የምታጡት። የሰው አካል ላይ የደረሰ ጉዳት ግን መጨረሻው አይታወቅም፤ ሕክምናው፣ ሰውየው ሳይሠራ የሚቀርበት ጊዜ፣ ሁሉም ተደማምሮ አንድን ቤተሰብ ለዓመታት ዕዳ ውስጥ ሊከት ይችላል። አረቦን የምትከፍሉት ለዚህ ቀን ነበር። በዚህ ቀን የማይሠራ ኢንሹራንስ ከሆነ ርካሽ ነው ማለት አይቻልም፤ የከፈላችሁት ትንሹም ገንዘብ የባከነ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ወንድምሽ ይሄን ያሰበበት አይመስለኝም። ብዙ ኩባንያዎች ካሳ ሳይጠየቅ ላለፈ ዓመት ሁሉ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ቅናሹም ዓመት በዓመት ያድጋል። ውሉ በአባትሽ ስም ከሆነ አንቺ ተጠንቅቀሽ የነዳሽበት ዓመት በአብዛኛው የሚቆጠረው ለእሱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በራስሽ ስም ልግባ ስትይ ይሄን ቅናሽ ከዜሮ ልትጀምሪ ትችያለሽ። ይሄን ውድ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ቀን ማለፍሽ አይቀርም። ዛሬ ብትጀምሪው ቶሎ ከኋላሽ ይቀራል።

«ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ለሚለው ብዙ አልልም። ወንድምሽ የሚያውቃቸው ሰዎች እስካሁን አደጋ ያልገጠማቸው ናቸው።

አሁን ስለ አባትሽ። እኔን ከዋጋው በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ያን ቅጽ ቁጭ ብሎ ሲሞላ ምን እያሰበ የነበረ ይመስልሻል? አንቺ ዋጋውን ሰምተሽ ስትደነግጪ አይቷል። ምናልባት ሙሉውን ልክፈልልሽ ለማለት እጅ አጥሮት ይሆናል፣ ያንን ለልጅ መናገር ደግሞ ለአባት ቀላል አይደለም። ስሙን መስጠት በእጁ ያለ ነገር ስለሆነ እሱን ሰጠሽ። ስለዚህ «እምቢ» ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ሌላ የሚረዳበት መንገድ ይዘሽለት ሂጂ። እስኪ ልጠይቅሽ፦ ለትምህርትሽ ያጠራቀምሽው ስንት እንደሆነ ያውቃል? አረቦኑን ልትከፍዪ ያሰብሽው ከዚያ ላይ መሆኑንስ? ተቀምጣችሁ ስለ ገንዘብ በግልጽ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ካልሆነ ይሄ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምለው፦ «አባዬ፣ ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ አደጋ ባደርስ ቅጹ ላይ ለተጻፈው ተጠያቂ የምትሆነው አንተ ነህ፣ ፊርማው ያንተ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ምክንያት እንዲደርስብህ አልፈልግም። ሌላ መንገድ አብረን እንፈልግ።» ይሄ አባትን የሚያስከፋ ንግግር አይመስለኝም። እንዲያውም ልጄ አድጋለች እንዲል ያደርገዋል። እናትሽም ብታውቅ ደስ ይለኛል፤ ብቻሽን የምትሸከሚው ነገር አይደለም፣ ዓምዱንም አብራችሁ ነው የምታነቡት።

ለመሆኑ ለምን ይሄን ያህል ተወደደ? አንቺን በግል አያውቁሽም፤ የሚያውቁት ዕድሜሽንና መንጃ ፈቃድሽ የወጣበትን ቀን ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ አዳዲስ ሹፌሮች ደግሞ በቁጥር ሲታዩ ከሌላው ይበልጥ ይጋጫሉ፣ ጉዳቱም ከባድ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። አንቺ ጠንቃቃ ብትሆኚም እኩዮችሽ ያወጡትን ወጪ ትጋሪያለሽ። ያበሳጫል፣ አውቃለሁ። ግን አንቺን ስለናቁ አይደለም፣ ደግሞም ዘላቂ አይደለም፤ ልምድሽ በጨመረ ቁጥር ዋጋው በአብዛኛው ይወርዳል።

አሁን ዋጋውን በእውነተኛ መንገድ ማውረጃውን እንይ። አባትሽ ከሞላው ቅጽ እንጀምር፤ ገልብጪው። አንቺ ዋና ሹፌር፣ አባትሽ ወይም እናትሽ ተጨማሪ ሹፌር ሆነው ይግቡ። ልምድ ያለውና ንጹሕ ታሪክ ያለው ሰው አብሮ ሲመዘገብ አንዳንድ ኩባንያዎች ዋጋውን ይቀንሳሉ፣ አንዳንዴ ቅናሹ የሚገርም ነው። ያው አልፎ አልፎ በእውነት የሚነዱት ከሆነ ነው፤ አባትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮሽ እየወጣ መሪውን ተራ በተራ ብትይዙ ግን እውነት ሆነ ማለት ነው፣ አንቺም ትማሪበታለሽ። የአባትሽ ስም ቅጹ ላይ ይኖራል፣ የሚገባው ቦታ ላይ።

ቀጥሎ ተቀናሹን እዪ። ጉዳት ሲደርስ ከካሳው ላይ አንቺ ራስሽ የምትሸፍኚው ድርሻ ማለት ነው። ጥገናው 100 ቢፈጅና ተቀናሽሽ 20 ቢሆን፣ ኩባንያው የሚከፍለው 80 ነው። ተቀናሹን ከፍ ለማድረግ ከተስማማሽ አረቦኑ ይቀንሳል። ግን ልብ በይ፦ ያን ድርሻ በተፈለገ ጊዜ ማውጣት የምትችዪው መሆን አለበት። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ለወጣት ሹፌር ብቻ የሚጨመር ሌላ ተቀናሽ አላቸው፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ያልፍሻል። ሁለቱ ተደምረው ስንት እንደሆኑ ጠይቂ። ድምሩ የመኪናዋን ዋጋ የሚጠጋ ከሆነ ለመኪናዋ የገባሽው ሽፋን ምንም አይረባሽም።

ወንድምሽ ስለ ሦስተኛ ወገን ያለው ሐሳብ ግን ተሳስቷል አልልም። የሦስተኛ ወገን መድን አንቺ በሌላ ሰው ላይ ያደረስሽውን ጉዳት ይሸፍናል፤ የራስሽን መኪና አይጠግንም። መኪናዋ አሮጌ ከሆነችና ብትወድም የምታጪው ትንሽ ከሆነ ምክንያታዊ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ራስሽን ጠይቂ፦ ነገ ብትወድም ያለ እሷ መኖር እችላለሁ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ወንድምሽ ልክ ነው። ሆኖም የዚህንም፣ የራስሽን መኪና ጭምር የሚሸፍነውንም ውል ዋጋ ጠይቂ እንጂ በግምት ርካሽ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ ለአዲስ ሹፌር ልዩነቱ ከሚጠበቀው በታች ሆኖ፣ አንዳንዴም ተገልብጦ ይገኛል። ለሌላ ሰው ጉዳት የሚከፍለው ጣሪያ ስንት እንደሆነም እዪ። ርካሽ የሆነው ጣሪያው ዝቅ ስላለ ከሆነ ተጠንቀቂ።

ባለሽበት ካለ ደግሞ አነዳድሽን የሚለካ ውል አለ ወይ በይ። መኪናው ውስጥ የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ ወይም ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ነው፤ ፍጥነትሽን፣ ፍሬን አያያዝሽን፣ በስንት ሰዓት እንደምትነጂ ይመዘግባል። ለእንዳንቺ ዓይነት ጠንቃቃ ሰው ዕድሜን ሳይሆን አነዳድን አሳይቶ ዋጋ የማውረጃ መንገድ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የት እንደምትሄጂ የሚያውቅብሽ መኖሩ ነው፤ ይሄ ከከበደሽ መብትሽ ነው፣ ተይው። በዓመት የምትነጂውን ርቀትም በትክክል አስልተሽ ንገሪያቸው። ብዙ ሰው በግምት አብዝቶ ይጽፍና በከንቱ ይከፍላል፤ አሳንሶ መጻፍ ግን ያው ከላይ ወዳልኩሽ ችግር ይመልስሻል።

በየወሩ ልክፈል ብለሽ ካሰብሽ፣ ወርሃዊ ክፍያው በ12 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን አስይ። ብዙ ጊዜ ብድር ነው፣ ወለድ አለው። አባትሽ ሊረዳ የሚችልበት ሌላው ቦታ ይሄ ነው፦ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ቢከፍልልሽና አንቺ ከደሞዝሽ በየወሩ ብትመልሺለት ወለዱ ይቀራል። ግን ስምምነቱን በወረቀት ጻፉት፣ በአባትና በልጅ መካከልም ቢሆን። ገንዘብ ሳይጻፍ ሲቀር ቅሬታ ያመጣል።

ማታ ማታ ዕቃ ማድረሱን በተመለከተ፣ እባክሽ እንዲሁ ዘለሽ አትግቢበት። ለግል አገልግሎት የተገባ ኢንሹራንስ በክፍያ ዕቃ ስታደርሺ በአብዛኛው አይሸፍንሽም። የሚሸፍነው ዓይነት ደግሞ ለ18 ዓመት ሹፌር ይበልጥ ውድ ነው፣ ያውም ከተገኘ። ስለዚህ አረቦኑን ለመክፈል ብለሽ የጀመርሽው ሥራ ራሱ አረቦኑን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። ጨለማ፣ ድካም፣ «ቶሎ አድርሺ» የሚል ስልክ፤ ለአዲስ ሹፌር ከዚህ የባሰ የለም። እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው ከማይጠቀመው ወደ 4 እጥፍ ገደማ ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፣ ይሄ ሥራ ደግሞ አድራሻውንም ትእዛዙንም የሚልክልሽ በስልክ ነው። ቀጣሪዎችሽን «የድርጅቱ መኪናና ኢንሹራንስ ካለ እሠራለሁ» በያቸው። የለም ካሉ ሌላ ሰዓት እንዲጨምሩልሽ ጠይቂ።

ይሄን ሁሉ አድርገሽም ዋጋው የትምህርት ገንዘብሽን ጠራርጎ የሚወስድ ከሆነስ? ያኔ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፣ ላትስማሚበት ትችያለሽ፦ መኪናዋን ለጊዜው ተያት። እስካሁን ትምህርት ቤትና ሥራ በምን ነበር የምትሄጂው? ያ መንገድ አሁንም አለ? ካለ፣ በአባትሽ መኪና ላይ ተጨማሪ ሹፌር ሆነሽ ግቢ። ያ መኪና በዋናነት የሚነዳው በእርግጥ እሱ ስለሆነ ቅጹ ላይ ምንም ውሸት የለም። ዋጋው ይጨምርበታል፣ ግን አንቺ አሁን ከተባልሽው ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ጭማሪውን አንቺ ክፈዪ። ባገኘሽው አጋጣሚ እየነዳሽ ልምድ ታካብቻለሽ። ለአጎትሽም ደውለሽ እውነቱን ንገሪው፤ መኪናዋን ጥቂት ወራት እሱ ጋር ማቆም ይቻል እንደሆነ ጠይቂው። የሰጠሽ ሰው ይቀየመኛል ብለሽ አትስጊ፣ እሱም አንድ ቀን አዲስ ሹፌር ነበር። የቆመ መኪናም ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል የሚሉ አገሮች ስላሉ ይሄንን ቀድማችሁ አጣሩ። ለመኪና ስትዪ የትምህርትሽን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ከማጥፋትሽ በፊት ግን ደጋግመሽ አስቢ፤ ያን ገንዘብ ለማጠራቀም ስንት ቅዳሜና እሁድ እንዳለፈሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እስከ ዓርብ ያለሽን ጊዜ እንዲህ ተጠቀሚበት። ዛሬ ማታ ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ነገ ቢያንስ ሦስት ኩባንያ ደውዪ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መረጃ ስጪ፦ ዋና ሹፌር አንቺ፣ ተጨማሪ ሹፌር አባትሽ፣ ተመሳሳይ ርቀት፣ ተመሳሳይ ተቀናሽ። ካልሆነ ዋጋዎቹን ማወዳደር አይቻልም። የነገሩሽን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ከዚያ ከአባትሽ ጋር አንድ ላይ እዩት። ምናልባት ይሄን ስታነቢ እሱ ቅጹን ልኮት ከሆነም አትደንግጪ፤ ደውሉና ዋናው ሹፌር ማን እንደሆነ አስተካክሉ። አደጋ ሳይደርስ ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ የዋጋውን ልዩነት መክፈል ነው። የኢንሹራንሱ ማረጋገጫ እጅሽ እስኪገባ ድረስ ግን መኪናዋን ለአጭር መንገድም ቢሆን አታንቀሳቅሻት፣ ወንድምሽ «እዚህች ድረስ ብቻ» ብሎ ቁልፉን ቢያቀብልሽም።